ልጆቻችን ፊደል ከዘመሩ በኋላ

መርሳ ላይ ለመምህራንና ለወላጆች የቀረበ ዲስኩር



አንድ ልጅ ገበታው ፊት ቆሞ ከ«ሀ» ተነሥቶ እስከ «ፖ» ሲዘልቅ ቤተሰቡ ደስ ይለዋል። ደስታው ተገቢ ነው። ነገር ግን ያንኑ ልጅ ጠርታችሁ «ጊ»ን ብቻዋን በብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ አሳዩት። ገበታው አጠገቡ ካለ ከረድፉ መነሻ ጀምሮ እየዘመረ፣ በጣቱ እየተከተለ ይሄድና እዚያች ፊደል ላይ ሲደርስ ስሟን ይጠራል። ገበታው ከሌለ ዝም ይላል። ልጁ የያዘው ዜማውን ነው፤ ምልክቷን ከድምፅዋ ጋር ገና አላገናኛትም። ዛሬ የምናገረው በዜማው መጨረሻና በንባብ መጀመሪያ መካከል ስላለው ክፍተት ነው። ይህ ክፍተት በራሱ ጊዜ አይሞላም። ልጁ ድምፅን ለይቶ እንዲሰማ፣ የሰማውን ከምልክት ጋር እንዲያጣምር፣ ምልክቶቹን ገጣጥሞ ቃል እንዲያወጣ በሥርዓት ልናስተምረው ይገባል። በውጭ አገር «ፎኒክስ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ችግሩ የአንድ ሰፈር ወይም የአንድ መምህር ጉድለት አይደለም። በ2002 ዓ.ም የእኛን ክልል ጨምሮ በበርካታ ክልሎች የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የማንበብ ችሎታቸው ተመዝኖ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ሙሉ ደብተር ይዘው፣ ጠዋት እየተነሡ፣ ተመላልሰው! ከዚያ በኋላ ትምህርት ሚኒስቴር ከአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት ጋር ሆኖ «ሪድ» በተባለው ፕሮግራም፣ አማርኛን ጨምሮ በሰባት ቋንቋዎች፣ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍትን እንደገና አስጻፈ። ድምፅን ማዳመጥ፣ ፊደልን ከድምፅ ማገናኘት፣ አቀላጥፎ ማንበብና ያነበቡትን መረዳት በመጽሐፍም በመምህር መምሪያም ቦታ አገኙ። መልካም ሥራ ነበር። መጽሐፉ ግን ክፍል ውስጥ ገብቶ በመምህሩ አፍና በልጁ ጣት ካልተተረጎመ ከመደርደሪያ አያልፍም።

እስቲ ከሥሩ እንጀምር። ልጆች ማንበብ የሚከብዳቸው ፊደላችን አስቸጋሪ ስለሆነ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ በዚህ አልስማማም። የእንግሊዝኛ ተማሪ የሚገጥመውን ተመልከቱ። ፊደሉ 26 ብቻ ነው፤ ድምፆቹ ግን ከ40 በላይ ናቸው። የፊደሉ ስም ሌላ፣ ድምፁ ሌላ ነው፤ «ሲ፣ ኤ፣ ቲ» ብሎ የጠራ ልጅ «ካት» የሚለውን ቃል ከየት ያመጣዋል? እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የ13 የአውሮፓ ቋንቋዎች ንጽጽር እንዳሳየው የፊንላንድ፣ የጣሊያንና የግሪክ ልጆች አንደኛ ክፍልን ሲጨርሱ ቃላትን ያለ ብዙ ስሕተት ያነባሉ፤ በእንግሊዝኛ የሚማሩት ግን በብዙ ርቀት ወደኋላ ቀርተው ተገኝተዋል። የቋንቋው አጻጻፍ ራሱ ነው የጎተታቸው። ለዚህም ነው እንግሊዞች ድምፅን ከፊደል የማገናኘት ትምህርትን አጥብቀው የያዙትና ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልጆቻቸውን አንደኛውን ዓመት ሲጨርሱ በዚሁ ጉዳይ ብቻ የሚፈትኑት።

የእኛ ፊደል ስሙ ድምፁ ነው። «ቤ» እና «ት» ጎን ለጎን ሲቀመጡ «ቤት» ይሆናሉ። ይህን ጸጋ ይዘን ልጆቻችን ወደኋላ ከቀሩ ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን። አንዱ ምክንያት ብዛቱ ነው። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹ እነ «ቋ» እና «ሏ» ሳይቆጠሩ። በሕንድ የሚነገረው የካንናዳ ቋንቋ አጻጻፍ እንደኛው ተነባቢንና አናባቢን በአንድ ምልክት የሚያዋህድ ነው፤ ሶናሊ ናግ የተባለች ተመራማሪ እዚያ ባጠናችው መሠረት ልጆቹ ምልክቶቹን በሙሉ ለማወቅ ከአንድና ከሁለት ዓመት በላይ ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ የእኛ ልጅ ጊዜ ቢወስድበት አያስደንቅም። የሚያሳዝነው 231ዱንም እንደ 231 የተለያዩ ሥዕሎች እንዲሸመድዳቸው መተዋችን ነው።

231 ሥዕሎች አይደሉምና። በድምፅ አንድ የሆኑትን፣ «ሀ ሐ ኀ»ን፣ «ሰ ሠ»ን፣ «አ ዐ»ን፣ «ጸ ፀ»ን ብናስተባብር ልጁ ማወቅ ያለበት ከ30 ያነሱ ተነባቢዎችንና 7 አናባቢዎችን ነው። በአራተኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ዒዛና ዘመን፣ አክሱም ላይ የነበሩ ሊቃውንት ያለ አናባቢ ይጻፍ በነበረው ፊደል ላይ የአናባቢ ምልክት ሲጨምሩ ዝም ብለው አልበተኑትም፤ ሥርዓት አበጁለት። ካዕብን ተመልከቱ፦ «ሉ፣ ቡ፣ ሙ፣ ሱ፣ ኩ» ሁሉም ወደ ቀኝ ከወገባቸው ላይ አንዲት ጭረት አላቸው። ሣልሱ «ሊ፣ ቢ፣ ሚ፣ ሲ» ጭረቷ ወርዳ ከቀኝ እግሩ ሥር ናት። ኃምሱ ላይ ያቺ ጭረት ቀለበት ትሆናለች፤ «ሌ፣ ቤ፣ ሜ፣ ሴ»። እንደ «ሩ» እና «ፉ» ያሉ ጥቂቶች ከሥርዓቱ ያፈነግጣሉ፤ ሳድስና ሳብዕም ቅርጻቸው ብዙ ዓይነት ስለሆነ አንድ በአንድ መያዝ ይጠይቃሉ። የቀረው ግን ሕግ አለው። ሕጉን ያየ ልጅ «ጹ» ከዚህ በፊት አይቶ ባያውቅ እንኳ «ጸ»ን ካወቀ ራሱ ያወጣዋል። ይህን ሕግ አውጥቶ ለልጅ የሚነግር መምህር በእኛ ክፍሎች ውስጥ ጥቂት ነው። ገበታው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ሕጉ ግን ተደብቆ ቀርቷል።

ሌላም የሚነገር አለ። አማርኛ ለራሱ ድምፆች ፊደል ሲያስፈልገው ሊቃውንቱ ከግዕዙ 26 ላይ ሰባት ጨመሩ፤ ሲጨምሩም ከሚቀራረበው ድምፅ ተነሥተው ነው። «ሰ» ቆብ ሲደፋ «ሸ» ይሆናል፤ «ተ» ሲደፋ «ቸ»፣ «ነ» ሲደፋ «ኘ»፣ «ከ» ሲደፋ «ኸ»፣ «ዘ» ሲደፋ «ዠ»፣ «ደ» ሲደፋ «ጀ»። ከ«ጠ» የወጣችው «ጨ» ብቻ ምልክቷ ሌላ ቦታ ነው። ልጅ «ሰ» እና «ሸ»ን አከታትሎ ሲናገር ምላሱ ምን ያህል ትንሽ እንደምትንቀሳቀስ ያውቃል፤ ፊደሉም ያንኑ ትንሽ ለውጥ በዓይን ያሳየዋል። እነዚህን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ማስተማር ሰባት አዲስ ፊደል ከመሸምደድ ያድናል።

አሁን የኔታዎቻችንን ማመስገን እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ዛሬ ከውጭ መጣ የምንለው ነገር ግማሹ በእነሱ ደጅ የኖረ ነው። የቤተ ክርስቲያን ንባብ ቤት ልጁ ገበታውን በዜማ እንደጨረሰ አይለቀውም። «አቡጊዳ»ን ያመጣበታል። አ ከግዕዝ፣ ቡ ከካዕብ፣ ጊ ከሣልስ፣ ዳ ከራብዕ፣ ሄ ከኃምስ፣ ው ከሳድስ፣ ዞ ከሳብዕ፤ ተነባቢው በያንዳንዱ እርምጃ ይለወጣል፣ አናባቢውም አብሮ ይለወጣል። ልጁ በዜማ ተሸክሞት የመጣው ረድፍ እዚህ ላይ ፈረሰ! ከአሁን በኋላ እያንዳንዷን ፊደል አይቶ ካልሆነ በቀር መሄጃ የለውም። የኔታ በስንደዶ እየጠቆሙ ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚጠይቁትም ለዚሁ ነው። ቀጥሎ መልእክተ ዮሐንስ ይመጣል፤ ልጁ መጀመሪያ ፊደል በፊደል እየነጠለ በግዕዝ ንባብ፣ ቀጥሎ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም አቀላጥፎ በቁም ንባብ ያነበዋል። ነጥሎ ማየት፣ ማገጣጠም፣ ማቀላጠፍ፤ የዛሬ የንባብ ሊቃውንት የሚዘረዝሩት ደረጃ እዚህ ውስጥ አለ። ከዋድላ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ጋር በአንድ ዞን የምንኖር ሰዎች ይህን ልንኮራበት ይገባል።

የቁርዓን ቤቶቻችንም እንዲሁ ናቸው። የእኛው የጁ ከዳና ዑለሞች ዘመን ጀምሮ የእስልምና ትምህርት የሰፈነበት አገር ነው፤ ዛሬ ከፊቴ ከተቀመጡት ወላጆች ብዙዎቹ በልጅነታቸው ሉሕ የያዙ ናቸው። አንድ ልጅ «ባ»ን ከተማረ በኋላ ፈትሓ ሲደረግባት፣ ከስራ ሲደረግባት፣ ደማ ሲደረግባት ድምፅዋ እንዴት እንደሚለወጥ ደጋግሞ ይለማመዳል። ያ ተነባቢን ከአናባቢ ለይቶ የማየት ትምህርት ነው፤ ይህ ልጅ ወደ አማርኛው ገበታ ሲመጣ «በ፣ ቡ፣ ቢ» ምን እንደሆነ ሊገባው ግማሽ መንገድ ሄዷል። የወሎ ሸኾች፣ እነ ሸኽ ጠልሐ ጀዕፈር፣ አማርኛን በአረብ ፊደል ጽፈው የዐጀም ግጥም አስቀርተውልናል። በጆሮ የሰሙትን የአገር ድምፅ በእጃቸው ባለው ምልክት እየመዘኑ መጻፍ ቀላል ሥራ አይደለም። የ1ኛ ክፍል መምህር ክፍሉ ውስጥ ካሉት ልጆች የትኛው ከየኔታ፣ የትኛው ከኡስታዝ ዘንድ ተምሮ እንደመጣ ጠይቆ ቢያውቅ፣ ባዶ እጃቸውን እንዳልመጡ ይረዳል።

ያም ሆኖ በጥንቱና በእኛ ትምህርት መካከል ልዩነት አለ። የጥንቱ ትምህርት ቤት ልጁን የሚያደርሰው ወደ ዳዊት ወይም ወደ ቁርዓን ነው፤ ልጁ በአፉ በማያወራው ቋንቋ። ስለዚህ ትርጉም በኋላ ይመጣል። የእኛ ልጅ ግን የሚያነበው እናቱ የምታወራውን አማርኛ ነው። ከመጀመሪያዋ ሳምንት ጀምሮ ያነበባት ቃል ትርጉም ሊኖራት ይችላልና እስከ «ፖ» እስኪደርስ ለምን እናስጠብቀዋለን?

ስምንት ፊደል ብቻ ውሰዱ፦ ላ፣ ማ፣ ም፣ ሰ፣ ሳ፣ ስ፣ ቤ፣ ት። ከእነዚህ ውስጥ ላም፣ ቤት፣ ሰም፣ ስም፣ ሳም፣ ሰማ፣ ስማ፣ ሳማ፣ ማማ፣ ሰላም ይወጣሉ። ማሽላ ሲያሽት ወፍ ለመጠበቅ ማማ ላይ የዋለ የጊራና ልጅ «ማማ» የምትለውን ቃል በራሱ ዓይን ሲያነባት ምን እንደሚሰማው አስቡት። ሳማ እግሩን ያልለበለበው ልጅስ አለ? በሦስተኛው ሳምንት ቃል ያነበበ ልጅ ትምህርት ቤት ለምን እንደሚመጣ ያውቃል። 231ዱን እስኪጨርስ አንድም ቃል ያላነበበ ልጅ ግን ማንበብ ማለት ጩኸት ነው ብሎ ያምናል።

«ሰም፣ ስም፣ ሳም»ን ሰሌዳ ላይ ከላይ ወደ ታች ጽፋችሁ የተለወጠው ምኑ እንደሆነ ልጆቹን ጠይቁ። «ላም»ን ጽፋችሁ «ም»ን አጥፉና «ብ» አስገቡ፤ «ላብ» ሆነ። «ቤት» ላይ «ቤ»ን አንሥታችሁ «ሴ» ተኩ። ልጁ በአንዲት ምልክት መለወጥ ትርጉም እንደሚገለበጥ ሲያይ የፊደልን ኃይል ያውቃል። ይህን ለማድረግ ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃል። ክፍሉ ስልሳ ሰባ ልጅ ቢይዝም ይቻላል፤ የወተት ዱቄት ወይም የሳሙና ካርቶን ቆራርጦ ፊደል ጽፎበት በየመደቡ ማከፋፈል የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ከፊደሉ በፊት ግን ጆሮው ነው። ልጅ «በቆሎ» የሚለው ቃል በአፍ ሲነገር «በ፣ ቆ፣ ሎ» ተብሎ እንደሚቆረስ ካልሰማ ምልክቱ ምንን እንደሚወክል አይገባውም። ይህ ሥራ ደብተር አይጠይቅም፤ ስለዚህ ያልተማሩ እናቶቻችንና አያቶቻችንም መምህር ሊሆኑበት ይችላሉ። ቡና ሲፈላ፣ በቆሎ ሲፈለፈል፣ «እስቲ በ‹ማ› የሚጀምር ነገር ጥሩ» ብሎ መጠየቅ፤ ማንጎ፣ ማሽላ፣ ማር፣ ማታ። «ግ፣ መ፣ ል» ብሎ ቆራርጦ ተናግሮ «ምን አልኩ?» ማለት። እንቆቅልሽ በምንጫወትበት ምሽት ይህንንም ብንጨምርበት ልጁ ትምህርት መሆኑን እንኳ አያውቅም። እናቶች፣ «እኔ አልተማርኩ፣ ምን ላግዘው?» ስትሉ እሰማለሁ። ቋንቋውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ልጁ ፊደሉን ይዞ ሲመጣ የሚያገናኘው እናንተ በሰጣችሁት ድምፅ ነው።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ልንገራችሁ፤ ሳድስን። «ልብስ» የሚለውን ቃል ልጁ «ልእ… ብእ… ስእ» ብሎ ያነባል። አጥፍቷል? አላጠፋም፤ ገበታው ላይ ያስተማርነው እንደዚያ ነው። ሳድስ አንዳንዴ እንደ «ል» አናባቢ አላት፤ አንዳንዴ እንደ «ብ»ና እንደ «ስ» አናባቢ የላትም፤ ምልክቷ ግን አንድ ናት። ፊደሉ አይነግረንም፤ የሚነግረን ቋንቋው ነው። ስለዚህ መምህሩ «ፍጠን፣ አያይዘህ በል» ብቻ ሲል አይበቃም። «አሁን ፈጠን አድርገህ በለውና የምታውቀው ቃል ይመጣ እንደሆነ ስማ» ማለት አለበት። ልጁ «ልእብእስ፣ ልብእስ፣ ልብስ!» ብሎ ፊቱ ሲበራ ያያል። ይህች ቅጽበት የንባብ ልደት ናት፤ ብዙ ልጅ እዚህ በር ላይ ቆሞ የሚቀረው ማንም ስላላሳለፈው ነው።

መጥበቅና መላላትም እንዲሁ ነው። «ገና ገና አልደረሰም» ብዬ ብጽፍ እናንተ የመጀመሪያውን አጥብቃችሁ ሁለተኛውን አላልታችሁ ታነባላችሁ፤ ፊደሉ ግን አንድ ነው። «ዋና»፣ «አለ»፣ «ይበላል» ሁሉም ሁለት ሁለት ንባብ አላቸው። ለዚህ መድኃኒቱ ዓረፍተ ነገር ነው። ቃልን ብቻውን ለረጅም ጊዜ ማስነበብ ልጁን ያደናግረዋል፤ ቶሎ ብሎ አጭር ዓረፍተ ነገር መስጠት፣ ካነበበም በኋላ «ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። መልሱን መናገር ያልቻለ ልጅ ድምፁን አወጣ እንጂ አላነበበም።

ወደ መጻፍ ልምጣ። ልጅ ማንበብ ሳይጨርስ መጻፍ አይችልም የሚለው አሳብ ጎድቶናል። ሁለቱ አብረው ቢሄዱ አንዱ ሌላውን ያጠናክራል። የቃል ጽሕፈት በየቀኑ ይሁን፤ ሦስት ቃል፣ አራት ቃል፣ አምስት ደቂቃ። መምህሩ «ሰማ» ይላል፤ ልጁ በአፉ ይቆርሰዋል፣ «ሰ፣ ማ»፤ ከዚያ ይጽፋል። ከሰሌዳ መገልበጥ ይህን አይተካም፤ የሚገለብጥ ልጅ እጁ ይሠራል እንጂ ጆሮው አይሠራም። አንድ ልጅ አምስት ገጽ በውብ እጅ ጽሑፍ ገልብጦ አንዲቷን መስመር ማንበብ ሲያቅተው የምናየው በዚህ ምክንያት ነው።

ስሕተቱን ስናርም ደግሞ ልብ እንበል። ልጁ «ባ»ን በ«ቦ» ቦታ ከጻፈ የትኛው እግር እንደረዘመ አምታቶ ነው፤ በ«ባ» ቀኙ፣ በ«ቦ» ግራው ይረዝማል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማሳየት ነው። «ተማሪ» ለማለት «ትማሪ» ከጻፈ አናባቢውን አልሰማም፤ እንደገና በአፉ ቀስ ብሎ ይበለው። ነገር ግን የእኛ አገር ልጅ «ፀሐይ»ን «ጠሀይ» ብሎ ቢጽፍ ምን እናድርግ? ገጠራችን ውስጥ እናቱ «ጠሐይ ወጣች» ነው የምትለው። ይህ ልጅ የሰማውን በትክክል ጽፏል! ቀይ ስክሪፕቶ አንሥቶ በኤክስ መሰረዝ ልጁን ጆሮህ ዋሽቶሃል ማለት ነው። «የሰማኸውን በደንብ ጽፈሃል፤ በመጽሐፍ ግን ይህን ቃል እንዲህ እንጽፈዋለን» ብሎ አጠገቡ መጻፍ ይሻላል። የ«ሀ ሐ ኀ» እና የ«ሰ ሠ» ጉዳይም እንደዚሁ ነው። እኔ ለግዕዙ ሥር ትልቅ አክብሮት አለኝ፤ «ሠ» እና «ሰ» በቦታቸው ቢገቡ ደስ ይለኛል። በ1ኛና በ2ኛ ክፍል ግን ማርክ ሊያስቀንሱ አይገባም። ልጁ በድምፅ እስከጻፈ ድረስ ይለፍ፤ ከ3ኛ ክፍል ወዲያ ቃል በቃል፣ ከሥሩ ጋር ይማረዋል።

ስለ እንግሊዝኛውም ጥቂት ልበል፤ ብዙ ወላጅ ይጠይቀኛልና። ልጃችሁ «ኤ ፎር አፕል» ስላለ እንግሊዝኛ ማንበብ ጀመረ አትበሉ፤ ያም ሌላ ዜማ ነው። በአማርኛ ድምፅ መቁረስና ማገጣጠም የቻለ ልጅ የላቲኑን ፊደል ሲያገኝ ችሎታው አብሮት ይሻገራል። በአማርኛ ሳይችል በእንግሊዝኛ የተጫነበት ልጅ ግን ከሁለት ያጣ ይሆናል። ገንዘብ ከፍላችሁ የምታስተምሩም ቢሆን መጀመሪያ መዋዕለ ሕፃናቱን «አማርኛውን እንዴት ነው የምታስተምሩት?» ብላችሁ ጠይቁ።

ልቤን ወደሚከብደው ነገር እመጣለሁ። በመስከረም 2012 ዓ.ም 1ኛ ክፍል የገባ የወልድያ ወይም የሀብሩ ልጅ ምን እንደገጠመው አስቡ። መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። በሚቀጥለው ዓመት ዘግይቶ ተከፈተና ወደ 2ኛ ክፍል አለፈ። ነሐሴ 2013 ጦርነቱ ደጃችን ደረሰ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ሰው ተሰደደ፣ ንብረት ተዘረፈ፣ ክፍሎች ፈረሱ፣ መጻሕፍትና ወንበሮች ጠፉ። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮም ክልላችን በሌላ ግጭት ውስጥ ገብቶ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ተከፍቶም ተዘግቷል። ያ ልጅ በመታወቂያው ክፍል ከፍ ብሎ ይሆናል። ፊደሉ ግን 2012 ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ልጅ ሳይወድቅ ሲያልፍበት የቆየው አሠራራችን ደግሞ ጉዳቱን ይሸፍነዋል። ልጁ 5ኛ ክፍል ሳይንስ መጽሐፍ ፊት ተቀምጦ ያፍራል፤ የሚያፍረው ባልበደለው ነገር ነው።

ለእነዚህ ልጆች የሚያስፈልገው ከታች መጀመር ነው፤ ሳያሸማቅቁ። በየትምህርት ቤቱ የ4ኛና የ5ኛ ክፍል ልጆችን አንድ በአንድ ጠርቶ የተደባለቁ ሃያ ፊደላትን፣ አሥር ቃላትንና አንድ አጭር አንቀጽ ማስነበብ ለአንድ ልጅ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። የማያነቡት ከታወቁ በኋላ በዕድሜያቸው ሳይሆን በሚያውቁት ፊደል ተቧድነው በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይሰጣቸው። ትልልቅ ስለሆኑና ቋንቋውን ስለሚያውቁ በወራት ውስጥ ይደርሳሉ። ለዚህ ሥራ ከውጭ የሚመጣ ፕሮጀክት አንጠብቅ፤ መጻሕፍቱን ያገዘው የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት በ2017 ዓ.ም ተዘግቷል። የወልድያ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ሠልጣኞች ለልምምድ ሲወጡ ዋና ሥራቸው ይህ ቢሆን፣ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ የመርሳ ግቢ ተማሪዎችም በሳምንት አንድ ከሰዓት ቢሰጡ፣ እጅ አያጥረንም። በ1971 ዓ.ም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ይህች አገር ወጣቶቿን አሰልፋ አባትና እናቶቻችንን ፊደል አስቆጥራለች፤ ዓለም አቀፍ ሽልማትም አግኝታበታለች። ያኔ በኩራዝ ብርሃን የተደረገው ዛሬ ለልጆቻችን አይከብድም።

የሚነበብ ነገር የለም ለሚሉኝ፦ የልጆች መጽሐፍ እጥረት እውነት ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ከመርሳ መናኸሪያ እስከ ገበያው ባለው መንገድ ስንት ቃል ተጽፏል! «ሻይ ቤት»፣ «ፋርማሲ»፣ «ዳቦ ቤት»፤ በታክሲው መስታወት ላይ «ደሴ»፣ «ወልድያ»፣ «ቆቦ»። አባቶች ልጃችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ አንዲት ጽሑፍ ፊት ቆም በሉ። አትንገሩት። «የመጀመሪያዋን ታውቃታለህ?» በሉትና ጠብቁት።

መምህራን ነገ ጠዋት ክፍል ስትገቡ ገበታውን ከመክፈታችሁ በፊት እነዚያን ስምንት ፊደላት በካርቶን ጻፉ። ናሙናዎቹን ከበሩ አጠገብ አስቀምጬላችኋለሁ፤ ስትወጡ ውሰዱ። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ፤ ከኋላ ከተቀመጣችሁት እናቶች እንጀምር።